ከጀርባ የሚነጠፈው ስዕል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን። ስለ ሥራም ስለ ስደትም አላወራም። የማወራው ስለ መርከብ ነው፤ የድሮ የመርከብ ስዕል ከጀርባ አንጥፎ ኮምፒውተር ላይ የመርከቡን ሞዴል ስለ መሥራት። ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ መርከብ ምን አገባህ የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስቶክሆልም ባልኖር ምናልባት አያገባኝም ነበር። እዚህ ግን ከተማው ራሱ ደሴት ላይ ነው የተሠራው። አውቶቡስ ስትጠብቁ ፊት ለፊታችሁ መርከብ ቆሟል።

አዲስ አበባ እያለሁ ሥራዬ የሕንፃ ድራፍቲንግ፣ ማለትም ፕላን መሣል ነበር። የሙያው ሰዎች ታውቁታላችሁ። አሮጌ ፕላን ስካን ተደርጎ ይመጣል። አውቶካድ የሚባለው የስዕል ሶፍትዌር ላይ ከሥር ታነጥፉታላችሁ፣ ስኬሉን ታስተካክላላችሁ፣ ከላዩ ታሰምራላችሁ። ግድግዳ ደግሞ ባሕርዩ ቀላል ነው። ሁለት ጫፉን ከያዛችሁ አለቀ። የመርከብ ቀፎ ላይ ግን ቀጥ ያለ መስመር ፈልጋችሁ ብዙም አታገኙም። ቀፎ የምለው የውጩን አካል ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ሆዱን ጨምሮ።

የምሠራባቸው ስዕሎች የስዊድናዊው መርከብ ሠሪ የፍሬድሪክ ሄንሪክ አፍ ቻፕማን ናቸው። ሰውየው በፈረንጆቹ 1721 ዮተቦሪ ከተማ ተወለደ፣ 1808 ሞተ። በ1768 ዓ.ም.፣ 62 ትልልቅ ሰሌዳ ያለው የመርከብ ስዕል ጥራዝ አሳተመ። የንግድ መርከብ አለ፣ መንግሥት ፈቃድ የሰጣቸው የባሕር ዘራፊዎች መርከብ አለ፣ ትናንሽ ጀልባዎችም አሉ። ስካኑ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ሼፕስሆልመን ደሴት ዳር የቆመችውን ባለ ሦስት ምሰሶ ነጭ መርከብ ያያችሁ ካላችሁ፣ አፍ ቻፕማን የምትባለው በእሱ ስም ነው። እሷ ራሷ በ1888 እንግሊዝ አገር የተሠራች ናት፤ አሁን የእንግዶች ማረፊያ ሆናለች። ሊጠይቀኝ የመጣ ዘመድ ሁሉ እዚያ ፎቶ ይነሳል። ሰውየው ማን ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም። ይኸው ሳትጠይቁኝ ነገርኳችሁ።

አንድ መርከብ በሦስት ስዕል ይገለጻል። አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከፊትና ከኋላ። ሦስተኛው ብልሃት አለው። ድፎ ዳቦ በቢላ ተቆራርጦ እያንዳንዱ ቁራሽ ዙሪያው ሲሰመር አስቡት። መርከቡ እንደዚያ ከዳር እስከ ዳር ይቆረጣል። ግራና ቀኙ አንድ ነው ስለሚባል የእያንዳንዱ ቁራጭ ግማሹ ብቻ ይሣላል። በአንድ ወገን የፊቱ ቁራጮች፣ በሌላው ወገን የኋላዎቹ። አንድ ገጽ ላይ መርከቡ በሙሉ ገባ ማለት ነው።

እነዚህን ሦስቱን ለየብቻ ቆርጣችሁ ሶፍትዌሩ ውስጥ በየዕይታቸው ጀርባ ታስቀምጣላችሁ። ፍሪሺፕ እና ዴልፍትሺፕ ለቀፎ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ራይኖም ይሠራል፤ ብዙ ሰው የሚጠቀመውም እሱን ነው። ዕይታው ፐርስፔክቲቭ፣ ማለትም የራቀውን አሳንሶ የሚያሳይ መሆን የለበትም፣ ይህን እንኳን የሕንፃ ሰው አይስተውም። ከዚያ ዜሮው የት እንደሆነ መወሰን ነው። እኔ የኋላው ቋሚ መስመር ከኪሉ የታችኛው ጠርዝ ጋር የሚገናኝበትን እይዛለሁ። ኪል ማለት ከሥር፣ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጋው ዋናው ግንድ ነው። ሦስቱም ዕይታ ላይ ዜሮው አንድ ቦታ ካልሆነ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ስኬሉ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ስዕሉ ጥግ ላይ ትንሽ የስኬል መስመር አለች። ሰው እሷን ያገኝና ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጎ ቁጥሩን ይጽፋል። አለቀ ይላል። አላለቀም።

በቁጥር እንየው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የድሮ ስዕሎች አብዛኞቹ 1 ለ 48 ናቸው፤ መርከቡ ከስዕሉ 48 እጥፍ ነው ማለት ነው። በዚህ ስኬል 10 የእንግሊዝ ጫማ (ፊት የሚባለው የርዝመት መለኪያ) ወረቀቱ ላይ 63.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ክሊካችሁ በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ይሳት። ስህተቱ ወደ 0.8 በመቶ ነው። መርከቡ 50 ሜትር ከሆነ 40 ሳንቲ ሜትር ከየት እንደመጣ ሳታውቁት ተጨመረ። ያንኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከመርከቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ስትለኩ ብትስቱት ግን ጉዳቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ርዝመቱ የታወቀውን፣ ያውም ረጅሙን ነገር ያዙ። ቁመቱንና ወርዱንም ለየብቻ አረጋግጡ። ወረቀት ሲያረጅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። መጽሐፉ መሃል የተጣጠፈበት ጋ ደግሞ ስካኑ ይጣመማል።

ከዚያ የጫማው ጣጣ አለ። በቻፕማን ዘመን እያንዳንዱ አገር የራሱ ጫማ ነበረው። የስዊድኑ 29.69 ሳንቲ ሜትር፣ የእንግሊዙ 30.48፣ የፈረንሳዩ 32.48። ልዩነቱ ሲታይ ኢምንት ነው። ግን ርዝመት ሲያድግ ወርድም ጥልቀትም አብረው ያድጋሉ። በስዊድን ጫማ የተሣለውን በእንግሊዝ ጫማ ብታነቡት ርዝመቱ ከሦስት በመቶ በታች ነው የሚጨምረው፤ የሚገፋው የውሃ መጠን ግን ስምንት በመቶ ያብጣል። በፈረንሳይ ጫማ ካነበባችሁት ወደ 31 በመቶ። መርከብ ክብደቱ ከሚገፋው ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው። 31 በመቶ ማለት ሌላ መርከብ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ይህን የውሃ መጠን የማስላቱን ነገር ሳይንስ ካደረጉት አንዱ ቻፕማን ራሱ ነው። ወጣት ሳለ ለንደን ሄዶ ከቶማስ ሲምፕሰን ሒሳብ ተምሯል። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ካልኩለስ ከወሰዳችሁ የሲምፕሰን ሕግ አይጠፋችሁም። እኔ ስማረው ለፈተና ብቻ ነበር የመሰለኝ። ቻፕማን መርከቡን እኩል ርቀት ላይ ይቆርጠዋል፣ የየቁራጩን ስፋት ይለካል፣ በ1፣ በ4፣ በ2፣ በ4፣ በ1 እያባዛ ይደምራል፣ በመጨረሻ የርቀቱን ሲሶ ያባዛበታል። የመርከቡ ሆድ ስንት ውሃ እንደሚገፋ ገና አንድ ዛፍ ሳይቆረጥ ታወቀ።

ስለ ጫማ ካነሳሁ አይቀር ቫሳን ልጥቀስ። በ1628 ገና የመጀመሪያ ጉዞዋ ላይ እዚሁ ወደብ ውስጥ የሰመጠችው የስዊድን የጦር መርከብ ናት። በ1961 ወጥታ አሁን ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። የሰመጠችው ከላይ ከብዳ ስለነበር ነው። እውስጧ ግን የአናጢዎች መለኪያ ዘንጎች ተገኝተዋል። ሁለቱ የስዊድን ጫማ፣ በ12 ኢንች የተከፈሉ። ሁለቱ የአምስተርዳም ጫማ፣ በ11 ኢንች የተከፈሉ። አንድ መርከብ ላይ! ተመራማሪዎች ሲለኳት ደግሞ ግራና ቀኟ እኩል አይደለም፤ በግራ በኩል ገዘፍ ትላለች። እኔ ደግሞ ሶፍትዌሬ ላይ ግማሹን ሠርቼ ሚረር የሚለውን እጫናለሁ። ሌላው ግማሽ በሰከንድ ይወጣል፣ ፍጹም እኩል ሆኖ። እንዲህ እኩል የሆነ የእንጨት መርከብ ግን በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም።

ዋናው ነገሬም ይኸው ነው። ስዕሉን ከጀርባ ስታነጥፉት እጃችሁ መስመሩን ተከትሎ መሄድ ይፈልጋል። ዙም ታደርጋላችሁ። ቀለሙ ወፍራም ይሆናል፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ይመስላል። በየደረሳችሁበት አንድ ነጥብ ትጨምራላችሁ። ነጥቡ ሲበዛ ከላይ ሲታይ ልክ ይመስላል። ከዚያ ቀፎውን አዙራችሁ ብርሃን ስታሳርፉበት ጎርበጥባጣ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ራይኖ ላይ ዜብራ የሚባል መፈተሻ አለ፤ ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ቀፎው ላይ ያሳርፋል። ሸንተረሩ ከተንቀጠቀጠ ቀፎውም ተንቀጥቅጧል።

የድሮ ሰዎች ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ረጅምና ቀጭን እንጨት ወረቀቱ ላይ ያጋድሙና ጥቂት ቦታ ላይ ከእርሳስ ብረት በተሠራ ክብደት ይይዙታል። እንጨቱ በራሱ ጊዜ ይለምጣል። ድንገት ልጠፍህ ቢሉት አሻፈረኝ ይላል። ቅርጹን የሚሰጠው እንጨቱ ነው፤ ክብደቶቹ ያስታውሱታል እንጂ አያዝዙትም። ሶፍትዌሩ ላይ ያሉት መቆጣጠሪያ ነጥቦችም ሥራቸው ይኸው መሆን አለበት። እኔ በትንሹ እጀምራለሁ። ጎንና ሆድ ላይ በጣም ጥቂት፣ ጫፎቹ ጋ ትንሽ ጠጋ ጠጋ። አንድ ነጥብ ከመጨመሬ በፊት ያሉትን አንቀሳቅሼ እሞክራለሁ።

ደግሞ ሦስቱ ስዕሎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ከላይ ያለው ይህ ቦታ ሦስት ሜትር ነው ይላል፣ የቁራጩ ስዕል ደግሞ አምስት ሳንቲ ሜትር ይቀንስበታል። ማንን ትሰማላችሁ? እኔ ለሆዱ ቅርጽ ቁራጩን አምናለሁ፣ ለኪሉና ለፊት ጫፉ የጎኑን። የላዩ ዕይታ ሽማግሌ ነው፤ ሲጣሉ ይዳኛል። ሌላው ሰው በተቃራኒው ቢሠራ አልከራከረውም። መስመሩ የጎን ሳንቃውን የውጭ ፊት ነው ወይስ ሳንቃው ሳይለጠፍ ያለውን አጥንት የሚያሳየው የሚለውን ግን መጀመሪያ ለዩ። ሳንቃው 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወርዱ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ትስታላችሁ።

አንዳንዱ ሰው ሞዴሉን ይለጥፍና «ከኦሪጅናሉ በሚሊ ሜትር አይለይም» ይላል። ከየትኛው ኦሪጅናል? በ1 ለ 48 ስዕል 0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት የቀለም መስመር እውነተኛው መርከብ ላይ ከ14 ሚሊ ሜትር በላይ ትሆናለች። መርከብ ሠሪዎቹም ቢሆኑ ወረቀቱን እንዳለ አልወሰዱትም። ትልቅ አዳራሽ ወለል ላይ መስመሮቹን በሙሉ መጠናቸው እንደገና ይሥሉ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያልታየው ጉብታ እዚያ ሲወጣ እዚያው ያስተካክሉታል። ግንዱ የተቆረጠው በወለሉ ስዕል ነው። እኛ ቤታችን ቁጭ ብለን ወረቀቱን ከእነሱ በላይ ካላመንን ማለት ምን ይሉታል?

እኔ የያዝኩት የኋላው ክፍል ገና ይቀረዋል። መሪው የሚገባበት ቦታ ላይ ቁራጮቹ በጣም ይጠጋጋሉ፣ መስመሩ ከመስመሩ አይለይም። እዚያ ጋ ሌላ ስካን፣ ጥራቱ ከፍ ያለ፣ እየፈለግሁ ነው። ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ በተለይ ብሌንደር በሚባለው ሌላ የሞዴል ሶፍትዌር የምትሠሩ፣ እኔ እሱን ብዙም አልነካሁትም። በሉ ደህና ሁኑ፣ ሳምንት እንገናኝ።