ኬቶ ላይ ሆነው ሌሊት ባት ለሚይዛቸው፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደወሉልን አድማጮች ብዙዎቹ ያነሱት አንድ ችግር ነው። ኬቶ (ካርቦሃይድሬትን በጣም ቀንሶ ስብን የሚያበዛ አመጋገብ) ጀመሩ፣ ኪሎ ቀነሱ፣ ሌሊት ግን ባታቸውን ሰቅዞ እየያዘ እንቅልፍ ነሳቸው። በአየር ላይ ሰዓቱ አጥሮን በችኮላ ያለፍኩት ነገር ስለነበረ መልሱን እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 26 ዓመቴ ነው። ኬቶ ከጀመርኩ 12 ቀን ሆኖኛል፤ 4 ኪሎ ቀንሻለሁ። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ግን ሌሊት ባቴን እየያዘኝ ጮኼ እነሳለሁ። ማግኒዚየም ውሰጂ ብለውኝ አንድ ሳምንት ወሰድኩ፤ ምንም ለውጥ የለም።»

እህቴ፣ ሕመሙ ይገባኛል። ባት ሌሊት ከያዘ በማግስቱ እንኳ ሲረግጡበት ይሰማል። መጀመሪያ ግን ስለ 4 ኪሎው ልንገርሽ፤ የባትሽ ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ከ4 ኪሎው ብዙው ስብ ሳይሆን ውኃ ነው። ሰውነታችን ከምግብ ያገኘውን ስኳር በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን አድርጎ ያከማቻል። በአዋቂ ሰው ክምችቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይሆናል። እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ካርቦሃይድሬት ሲቋረጥ ክምችቱ ይሟጠጣል፣ ውኃውም በሽንት ይወጣል።

ሌላም አለ። ኢንሱሊን ስኳርን ከመቆጣጠር በተጨማሪ ኩላሊት ጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም እንዲያስቀር ያደርጋል። ኬቶ ላይ የሚበላው ካርቦሃይድሬት አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ50 ግራም በታች ስለሆነ ኢንሱሊን ይወርዳል። ያኔ ኩላሊት ጨዉን መልቀቅ ይጀምራል። ሰውነት ይህን ሲያይ ዝም አይልም፤ አልዶስቴሮን የሚባለውን ሆርሞን ያበዛል። ይህ ሆርሞን ሶዲየምን ሲያስቀር ፖታሲየም የሚባለውን ሌላ ማዕድን አሳልፎ ይሰጣል። በጨው የጀመረው ጉድለት ወደ ፖታሲየም የሚሻገረው እንዲህ ነው። በዚያ ላይ ዳቦውና የታሸገው ምግብ ሲቀር አብሮት ይገባ የነበረው ጨውም ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ልብ አይለውም።

ባትሽን የሚይዘው ይህ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማግኒዚየሙ ምንም አላደረገም ብለሽ አትገረሚ። የጎደለው ጨው ከሆነ ማግኒዚየም አይተካውም። ግፊትሽና ኩላሊትሽ ጤነኛ ከሆኑ፣ መድኃኒትም የማትወስጂ ከሆነ፣ ምግብሽ ላይ ጨው አትፍሪ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለቀኑ ከፋፍለሽ በሾርባ ወይም በአጥንት መረቅ ጨምሪ። አንዱን ከሰዓት በኋላ ብትጠጪው ጥሩ ነው። ከምግብ ደግሞ አቮካዶ፣ የበሰለ ስፒናች፣ እንጉዳይና ዓሣ አብዢ። አንድ መካከለኛ አቮካዶ 700 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየም አለው። ሙዝ ይሻላል የሚሉሽ ይኖራሉ፤ አንዱ ሙዝ 27 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ስላለው ለአንቺ አይሆንም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። ኬቶን የሚደግፉ ሐኪሞች ደግሞ ከ3 እስከ 5 ግራም ሶዲየም ይላሉ፤ ይህ በጨው ሲሰላ ከ7.5 እስከ 12.5 ግራም ገደማ ይደርሳል። ሁለቱ አይጣጣሙም። እኔ መካከለኛውን መንገድ የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ያውም ሰውነት እስኪለምድ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት። ከዚያ በኋላም ባትሽ መያዙን ካልተወ ወደ ሐኪም ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ።

«ልጄ፣ እኔ 63 ዓመቴ ነው። ግፊት አለብኝ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። ልጆቼ ኬቶ አስጀመሩኝ። ሌሊት ባቴን ሲይዘኝ ጎረቤቴ ጨው ጨምሪ አለችኝ።»

እናቴ፣ እባክዎ አይጨምሩ። ከላይ ለወጣቷ የተናገርኩት ለእርስዎ አይሠራም።

እርስዎ የሚወስዱት የመጀመሪያው መድኃኒት ሽንት የሚያበዛ ነው። ሶዲየምም፣ ፖታሲየምም፣ ማግኒዚየምም ያስወጣል። ኬቶውም ያስወጣል። ሁለቱ ተደራርበውብዎታል። ኢናላፕሪል ግን በተቃራኒው ፖታሲየምን ያስቀራል። እርስዎ ጎደለብዎ ወይስ በዛብዎ የሚለውን በግምት ማወቅ አይቻልም፤ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ «ለግፊት የሚስማማ ጨው» ተብሎ የሚሸጠው ነው። ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው ያለበት። ኢናላፕሪል ለሚወስድ ሰው፣ በተለይ ኩላሊቱ ከደከመ፣ ፖታሲየም ከመጠን በላይ ሊያደርግና የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። ቤት ውስጥ ካለ አይጠቀሙበት።

ሌላው፣ ኬቶ ላይ ግፊት በራሱ ሊወርድ ይችላል። ከአልጋ ሲነሱ ያዞርዎታል? ዓይንዎ ይጨልምብዎታል? ከሆነ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። በራስዎ አያቋርጡት። በዚህ ሳምንት ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ፣ ኬቶ መጀመርዎንም ይንገሯቸው። ልጆችዎንም ይዘው ቢሄዱ ደስ ይለኛል፤ ያስጀመሩዎት እነሱ ናቸውና እነሱም ይስሙ።

የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም ይህ ይመለከታችኋል። ኢንሱሊን ወይም ስኳርን በኃይል የሚያወርድ እንክብል እየወሰዱ ካርቦሃይድሬት ማቋረጥ ስኳርን አደገኛ ወደሆነ ደረጃ ሊያወርደው ይችላል። ከሐኪም ጋር ሳትመክሩ አትጀምሩ።

«ማግኒዚየም የትኛው ነው የሚሻለው? ስንት ልውሰድ?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ተስፋህን ልክ ላስይዘው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ማግኒዚየም ባት እንዳይዝ ይህን ያህል የሚያደርገው ነገር እንደሌለ ነው የደመደመው። ማግኒዚየሙ በእውነት የጎደለው ሰው ግን ሊጠቀም ይችላል። ልሞክር ካልክ ሲትሬት ወይም ግላይሲኔት ይሻላል። ኦክሳይድ የሚባለው ርካሽ ቢሆንም ሰውነት ብዙም አይመጠውም፣ ሆድም ያላላል። ተቅማጥ ደግሞ ሌሎቹንም ማዕድናት ይዞ ይወጣል። ከእንክብል የሚገኘው በቀን ከ350 ሚሊግራም አይለፍ። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ጭራሽ አይንካው።

ከምግብ ማግኘት ከተቻለ የተሻለ ነው። አንድ እፍኝ የዱባ ፍሬ፣ 28 ግራም ገደማ፣ 150 ሚሊግራም ያህል አለው። አልሞንድ በዚያው ልክ 80 ያህል። ሁለቱም ኬቶ ላይ ይፈቀዳሉ።

ይህን ሳነሳ አንድ ደዋይ የወባ መድኃኒት ስለሆነው ኩዊኒን ጠይቃለች። ድሮ ለዚህ ይሰጥ ነበር። አሁን ግን ለባት አይመከርም። ደምን የሚጎዳና ሕይወት የሚያሳጣ ችግር ስላመጣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደጋግሞ አስጠንቅቋል።

«በያዘኝ ሰዓት ምን ላድርግ? ባለቤቴ እግሬን ስትጎትት ጭራሽ ይብስብኛል።»

በኃይል መጎተት አያስፈልግም። ጉልበትህን ቀጥ አድርግ። የእግርህን ጣቶች ቀስ እያልክ ወደ አገጭህ አቅጣጫ ሳብ። እጅህ ካልደረሰ ፎጣ ከእግርህ መዳፍ ሥር አድርገህ ሁለቱን ጫፍ ያዝ። ባቱ ሲለቅ ይሰማሃል፤ ሲለቅም ወዲያው አትተወው፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይበት። መቆም ከቻልክ እግሩ ላይ ክብደትህን አሳርፍ። ከዚያ እሸው፣ ሙቅ ፎጣ አድርግበት።

ዋናው ግን ከመተኛትህ በፊት ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኔዘርላንድስ ውስጥ በተሠራ ጥናት ዕድሜያቸው ከ55 በላይ የሆኑ ሰዎች ለስድስት ሳምንታት በየሌሊቱ ከመተኛታቸው በፊት ባታቸውንና ቋንጃቸውን ሲያፍታቱ መያዙ ቀንሶላቸዋል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ከመድኃኒት ጋር አይጋጭም፤ ስለዚህ ለሁሉም እመክረዋለሁ። ከግድግዳ ፊት ለፊት ቁም። አንዱን እግር ወደ ኋላ አድርግ፣ ተረከዙ መሬቱን እንዳይለቅ። ባትህ ሲሳብ እስኪሰማህ ወደ ግድግዳው ዘንበል በል፣ 30 ሴኮንድ ቆይ። ሁለቱንም እግር ሦስት ሦስት ጊዜ። ሌላ ትንሽ ነገር፦ ብርድ ልብሱ እግርህን ወደ ታች አጥፎ እንዳይጫነው በእግርጌ በኩል ላላ አድርገው። ባት የሚይዘው ብዙ ጊዜ እግር እንደዚያ ተዘርግቶ ሲቆይ ነው።

«በቀን 5 ሊትር ውኃ እጠጣለሁ፣ ግን አልተወኝም።»

ወንድሜ፣ ምናልባትም እያባሰብህ ነው። ጨው ሳይኖር ውኃ ማብዛት የቀረውን ሶዲየም ያቀጥነዋል። ሲጠማህ ጠጣ። የሽንትህ ቀለም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ግራ መጋባት ከጀመረህ ውኃውን አቁመህ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

«የግራ እግሬን ብቻ ነው የሚያመኝ። ቀንም አይለቀኝም። ትንሽ አብጧል።»

እህቴ፣ ይህን በኬቶ አናሳብበው። ሌሊት የያዘ ባት በሰኮንዶች ወይም በደቂቃዎች ይለቃል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ካቃጠለ፣ ከቀላ ወይም ሳይለቅ የሚያም ከሆነ በደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። አታሺው፣ ጨውና ማግኒዚየምም አትሞክሪ። ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ ደግሞ ዛሬ እንኳ ማለት የለም፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።