አባቱን በ2 ዓመት የሚበልጠው ልጅ

አባቱን በ2 ዓመት የሚበልጥ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ።

(ስክሪን ላይ፦ 2ኛ ዜና መዋዕል 21፥20 እና 22፥2 ጎን ለጎን)

ንጉሥ ኢዮራም ሲነግሥ 32 ዓመቱ ነበር። 8 ዓመት ገዝቶ ሞተ። ሠላሳ ሁለት እና ስምንት፣ አርባ። እስቲ አሁን ዓይናችሁን ትንሽ ዝቅ አድርጉ፣ ምዕራፍ 22 ላይ። ሕዝቡ ታናሽ ልጁን አካዝያስን በአባቱ ፋንታ አነገሠው። ስንት ዓመቱ ነበር? ዕብራይስጡ 42 ይላል። አባት በ40 ዓመቱ ሞቶ፣ የሁሉም ታናሽ የሆነው ልጁ በ42 ዓመቱ ዙፋን ላይ ወጣ ማለት ነው። 2ኛ ነገሥት 8፥26 ላይ ደግሞ ይኸው ሰው ሲነግሥ 22 ዓመቱ ነበር ይላል። የያዛችሁት መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱም ቦታ 22 የሚል ከሆነ ግራ አይግባችሁ፤ አንዳንድ ተርጓሚዎች የጥንቱን የሶርያ ትርጉም ተከትለው ነው። የግርጌ ማስታወሻ ካለው እዚያ ላይ ይነግራችኋል።

ይህን የላከልኝ ድሮ አብረን መጽሐፍ ቅዱስ እናጠና የነበረ ጓደኛዬ ነው። ማታ ተኝቼ ስልኬን ስነካካ መልእክቱ መጣ። ረጅም ዝርዝር፣ ጥቅስ በጥቅስ ላይ፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ቃል፦ «አስረዳኛ!» እኔም በሁለት ደቂቃ አፉን አስይዘዋለሁ ብዬ ተነሥቼ መብራት አበራሁ። መጽሐፉን ገለጥኩ። አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። ክው አልኩ። ጓደኛዬ አልዋሸም፤ ያለው ነገር ቁጭ ብሏል።

በነጋታው የማከብራቸውን አንድ አስተማሪ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እንዲህ ያለውን አትቆፍር፤ ጥርጣሬ ከማን እንደሆነ ታውቃለህ» አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ፈርተውልኝ ነው። ግን ያቺ መልስ ከአካዝያስ ዕድሜ በላይ ጎዳችኝ፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀን በኋላ «አትቆፍር የሚባለው ቢቆፈር የሚወጣ ነገር ስላለ ነው» የምትል ሐሳብ ውስጤ ገብታ አልወጣ አለች። በጥያቄው ብቻ ማንም ከእምነቱ አይወጣም ባልልም፣ ጥያቄውን የሚያካፍለው ሰው አጥቶ ቀስ በቀስ የጠፋ ሰው ግን አውቃለሁ።

ስለዚህ ዛሬ እንቆፍር።

ከአካዝያስ እንጀምር። መጻሕፍቱ ለብዙ መቶ ዓመታት በእጅ ነው የተገለበጡት። በእጅ ሲገለበጥ ቁጥር ይሳታል፤ ስልክ ቁጥር በቃል ተነግሯችሁ ጽፋችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የዜና መዋዕል ጸሐፊ የአባትየውን ዕድሜ ጽፎ በሁለት ዐረፍተ ነገር ልዩነት ልጁን ከአባቱ ያስበልጣል ብሎ ማመን ይከብዳል። 22 ነበረ፣ ሲገለበጥ 42 ሆነ። በጣም ብዙ የቁጥር ልዩነቶች እንዲህ ናቸው። የዮአኪን ዕድሜ አንዱ ጋ 18፣ ሌላው ጋ 8 ነው። የሰሎሞን የፈረስ ጋጥ አንዱ ጋ 40,000፣ ሌላው ጋ 4,000።

እኔን ያስገረመኝ ግን ስሕተቱ አይደለም። እነዚያ ዕብራይስጡን ሲገለብጡ የኖሩት ሰዎች ቃል ብቻ ሳይሆን ፊደል የሚቆጥሩ ሰዎች ነበሩ። ልጅ አባቱን እንደማይበልጥ ጠፍቷቸው ነው? አንዷን ቁጥር ነካ ቢያደርጓት ያልቅ ነበር። አልነኩም። የተቀበሉትን እንዳለ፣ የሚያሳፍረውንም ጭምር፣ አሳለፉ። ነገር የሚደብቅ ሰው እንዲህ አያደርግም።

(ስክሪን ላይ፦ ማቴዎስ 8፥5 እና ሉቃስ 7፥3)

ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ። ማቴዎስ ላይ የመቶ አለቃው ራሱ ወደ ኢየሱስ ቀርቦ ይለምናል። ሉቃስ ላይ ግን ሽማግሌዎች ላከ፣ ከዚያም ወዳጆቹን ላከ፤ ራሱ አልመጣም። ታዲያ መጣ ወይስ አልመጣም?

ይሄ እንኳን ለእኛ ብዙ አይከብድም። አንድ ድንጋይ ያላነሣ ሰው «ቤት ሠራሁ» ሲል ውሸታም አንለውም። ወንጌሉ ውስጥም ይኸው አነጋገር አለ። ዮሐንስ 19፥1 ጲላጦስ ኢየሱስን ይዞ ገረፈው ይላል። አገረ ገዢው እጅጌውን ሰብስቦ ጅራፍ ያነሣ የሚመስለው አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ማቴዎስ ማሳጠር ይወዳል፤ መልእክተኞቹን ዘሎ ሰውየውንና ጌታን ፊት ለፊት አገናኛቸው። ሉቃስ ደግሞ ዝርዝሩን አቆየው፤ ሰውየው «ከቤቴ ጣራ በታች ልትገባ አይገባኝም» ያለውን ትሕትና ለማሳየት መልእክተኞቹ ያስፈልጉታል።

እሺ፣ ይሄ ቀላሉ ነው። አሁን ይሁዳ።

ማቴዎስ 27 ላይ ይሁዳ ብሩን ቤተ መቅደስ ጥሎ ሄደና ታንቆ ሞተ። የሐዋርያት ሥራ 1 ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ከመካከሉ ተሰነጠቀ፣ አንጀቱ ተዘረገፈ። በብሩ የተገዛውንም መሬት ማቴዎስ ጋ የገዙት ካህናቱ ናቸው፣ የሐዋርያት ሥራ ላይ ራሱ ይሁዳ። ሁላችንም የተማርናት መልስ አለች፦ ታነቀ፣ ገመዱ ተበጠሰ፣ ወደቀ። ሊሆን ይችላል። የማይሆን ነገር የለውም። ግን አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር፤ ገመዱ ተበጠሰ የሚል ቃል ማቴዎስም ጋ የለም፣ የሐዋርያት ሥራም ላይ የለም። ገመዱን የበጠስነው እኛ ነን።

መልሱን መጠቀም ነውር አይደለም፤ እንደ ግምት አድርጋችሁ ተጠቀሙበት። ችግሩ የሚመጣው ግምታችንን ልክ እንደ ጥቅስ አድርገን አፍ መዝጊያ ስናደርገው ነው። ሰሚው አንድ ቀን ራሱ ያነብና ገመዱ የለም! ያኔ የሚጠራጠረው እኛን ብቻ አይሆንም። መሬቱን በተመለከተ ግን ከመቶ አለቃው ጋር አንድ ነው፤ ብሩ የእሱ ነው፣ ግዢው በእሱ ስም ተቆጠረ። ይሄኛው ያስኬደኛል።

ምሳሌ 26ን ደግሞ ቶሎ ላሳያችሁ፣ ደስ ስለሚለኝ። ቁጥር 4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ይላል። ቁጥር 5 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው መልስለት ይላል። ጎን ለጎን! ይሄን ያሰባሰበው ሰው አልታየውም ልትሉኝ አትችሉም። አንዳንዴ መልስ፣ አንዳንዴ ተወው፣ የቱ ጊዜ የቱ እንደሆነ ማወቅ ነው ጥበቡ። (ኢንተርኔት ላይ ተከራክሮ የሚያውቅ ሰው ሁለቱም ጥቅስ ገብቶታል።)

አሁን ወደ አንድ ታሪክ ልውሰዳችሁ። እኔን ከብዙ መልሶች በላይ የረዳኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ170 ገደማ ታቲያን የሚባል ሶርያዊ አራቱን ወንጌሎች ወስዶ ወደ አንድ መጽሐፍ ሸመናቸው። ዲያቴሳሮን ይባላል። ድግግሞሹ ወጣ፣ የሚጋጭ የሚመስለው ተስተካከለ። ማቴዎስና ሉቃስ የዮሴፍን አባት አንዱ ያዕቆብ፣ ሌላው ኤሊ ያሉበት የትውልድ ሐረግ? እሱን ጭራሽ አላስገባውም። ተገላገለ። መጽሐፉም ተወደደ፤ በሶርያ ቋንቋ በሚያመልኩ አብያተ ክርስቲያናት ከ200 ዓመት በላይ ተነበበ።

ከዚያስ? በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቴዎዶሬጦስ የሚባል ኤጲስ ቆጶስ በሀገረ ስብከቱ ከ200 በላይ የዲያቴሳሮን ቅጂዎች አገኘ። ሰብስቦ አነሣቸውና በምትካቸው አራቱን ወንጌሎች አስገባ። አስቡት። የለሰለሰው፣ ጥያቄ የማያስነሣው መጽሐፍ በእጃቸው ነበረ፣ ለምደውታል፣ ይወዱታል። ቤተ ክርስቲያን ግን አራቱን መረጠች፤ መቃብሩ ጋ አንዱ መልአክ ሌላው ሁለት መላእክት የሚሉትን፣ ለመንገድ አንዱ በትር ያዙ ሌላው አትያዙ የሚሉትን። ጓደኛዬ የላከልኝ ዝርዝር የተደበቀ ምስጢር መሰሎኝ ነበር። ለካ ከ1,500 ዓመት በፊትም የሚታወቅ፣ ሊጠፋ ሲቻል ሆን ተብሎ የተተወ ነገር ነው።

የሰሜን አፍሪካው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስም እ.ኤ.አ. በ405 ገደማ ለመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ለጄሮም በጻፈው ደብዳቤ ስለዚሁ ያነሣል። ከእውነት ጋር የሚጋጭ የሚመስል ነገር ሳገኝ ወይ ቅጂው ተሳስቷል፣ ወይ ተርጓሚው አልገባውም፣ ወይ እኔ አልተረዳሁም እላለሁ ይላል። ሦስተኛዋን ሰው ቶሎ ይረሳታል። እኔም እረሳታለሁ።

ግን ሁሉም በቅጂና በአነጋገር አይፈታም፤ ይፈታል ብዬ ብሸኛችሁ ያው ገመድ መበጠስ ይሆንብኛል። 2ኛ ሳሙኤል 24፥1 ላይ ዳዊትን ሕዝቡን እንዲቆጥር ያነሣሣው እግዚአብሔር ነው። 1ኛ ዜና መዋዕል 21፥1 ላይ ሰይጣን ነው። ይሄ የፊደል ስሕተት አይደለም። ዜና መዋዕል የተጻፈው ከባቢሎን ምርኮ በኋላ ነው፤ ጸሐፊው የሳሙኤልን ታሪክ ያውቀዋል፣ አውቆም በሌላ በኩል ነገረው። የኢዮብን መጀመሪያ ካነበባችሁ ሁለቱ በአንድ መድረክ ላይ አሉ፤ የሚመታው ሰይጣን ነው፣ የሚፈቅደው እግዚአብሔር ነው፣ እግዚአብሔር ራሱም ሰይጣንን «አንተ አነሣሣኸኝ» ይለዋል። ይህ ለእኔ መንገድ ይከፍትልኛል። ግን «ታዲያ ለዳዊት ስሕተት ሕዝቡ በቸነፈር ለምን ሞተ?» የሚለውን አይመልስልኝም፤ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ጥያቄ ይከብዳል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በቁጥር ስንጨቃጨቅ ከሥሩ የሚያመን ሌላ ነገር ነው።

(ስክሪን ላይ፦ ዮሐንስ 20፥26)

ስለ ጥርጣሬ ራሱ ደግሞ። የሚጠራጠር ሁሉ የሚጣልበት ጥቅስ ያዕቆብ 1፥6 ነው፤ በነፋስ እንደሚናወጥ ማዕበል ነው የሚለው። አንድ ቁጥር ወደኋላ ተመለሱ። ጥበብ የጎደለው ይለምን፣ እግዚአብሔር ሳይነቅፍ ይሰጣል ይላል። ሳይነቅፍ። ታዲያ ሊጠይቅ የመጣን ሰው በዚሁ ጥቅስ መንቀፍ ምን የሚሉት ነው?

የቶማስን ነገር ሁላችንም እናውቃለን፣ ካላየሁ አላምንም አለ። እኔ ለዓመታት የዘለልኩት ግን «ከስምንት ቀን በኋላ» የሚለውን ነው። ስምንት ቀን! አሥሩ አይተዋል፣ ይዘምራሉ፣ ያወራሉ። እሱ አላየም፣ አላምንም ብሏል። ያም ሆኖ ጌታ ሁለተኛ ሲመጣ ቶማስ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። አላባረሩትም። እሱም ተቀይሞ አልሄደም። በእነዚያ ቀናት ማዕድ ላይ ምን ይባባሉ እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ማቴዎስ 28፥17ን ደግሞ ተመልከቱ፤ ከሞት የተነሣውን ጌታ ፊት ለፊት አይተው ሰገዱለት፣ «የተጠራጠሩ ግን ነበሩ»። ታላቁ ተልእኮ የተሰጠው ለነዚሁ ሰዎች ነው። የተጠራጠራችሁ ውጡ የሚል ቃል የለም።

ለጓደኛዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ ጻፍኩለት። ዝርዝሩን በሙሉ አልመለስኩም። ይሄ ይሄ የቅጂ ስሕተት ነው፣ ይሄ የአነጋገር ነው፣ ይሄ እኔንም ይከብደኛል አልኩት። «የመጨረሻዋን ካንተ አልጠበቅኩም» አለኝ። አሁንም አያምንም። ግን እንደዋወላለን፣ እንከራከራለን፣ ድሮ ከነበረን ወሬ ይሄኛው ይሻላል።

ከከበዱኝ አንዱ የስቅለቱ ሰዓት ነው። ማርቆስ 15፥25 ሲሰቅሉት ሦስት ሰዓት ነበረ ይላል። ዮሐንስ 19፥14 ደግሞ ጲላጦስ ገና እየፈረደ ስድስት ሰዓት ያህል ነበረ ይላል። ሰዓቱን የምንቆጥረው ልክ እንደነሱ ከማለዳ ስለሆነ ለእኛ ማምለጫ የለም፤ አንዱ ጠዋት ነው፣ ሌላው ቀትር። ዮሐንስ ከእኩለ ሌሊት ነው የቆጠረው የሚሉ አሉ፤ እኔን አላሳመነኝም፣ ሮማውያንም የቀን ሰዓታቸውን ከፀሐይ መውጫ ነበር የሚቆጥሩት። እጅ ላይ ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ሰው በግምት ይናገራል የሚለው ይሻላል፤ ዮሐንስም «ያህል» ብሏል። ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ለግምት ትንሽ በዛ ይልብኛል።

ያን ማታ ማርቆስ ዳር ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጌ ነበር። አሁንም አለ። ባለፈው በሕማማት አብረን ስናነብ ተራዬ እዚያች ጥቅስ ላይ ደረሰ፤ ምልክቷን አየኋት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «በሰቀሉትም ጊዜ ሦስት ሰዓት ነበረ» ብዬ ማንበቤን ቀጠልኩ።