ያው እኔው ነኝ፤ የተቀየረው የሰዉ ፊት ነው

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስሜን ለምን እንደማልናገር የምትከታተሉኝ ታውቃላችሁ። ትራንስ ወንድ ነኝ። ስወለድ ሴት ተብዬ፣ ሴት ተብዬ አድጌ፣ ዛሬ አራት ኪሎ አካባቢ በወንድነቴ የምኖር ሰው ነኝ።

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ነገር አለ። “አንተ ሴት ተብለህ ስላደግክ የሴትን መከራ ታውቃለህ፣ እንደ ሌሎቹ ወንዶች አይደለህም።” ከራሳችን ሰዎችም ይህን የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ማወቅ ሌላ፣ መጠቀም ሌላ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በእግሬ ስወርድ የሚለክፈኝ የለም። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ እጁን የሚያሳርፍ የለም። ሴት ጓደኞቼ ይህን ዛሬም አላገኙትም። እኔ ሠርቼ ያመጣሁት አይደለም፣ ወንድ መስዬ ስለታየሁ ብቻ ነው የተሰጠኝ።

ቤን ባረስ የሚባል ትራንስ ወንድ ነበር፤ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ያረፈ። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሲማር፣ እንደ ሴት በሚታይበት ጊዜ፣ ክፍሉን ሁሉ ያቃተ የሒሳብ ጥያቄ ፈታ። መምህሩ ምን አሉ? የወንድ ጓደኛሽ ሠርቶልሽ ነው። ከዓመታት በኋላ በወንድነቱ ቆሞ ጥናቱን ሲያቀርብ ደግሞ፣ አንዱ ሳይንቲስት የሱ ሥራ ከእህቱ ሥራ በጣም ይሻላል ማለቱን ሰማ። እህት የተባለችው ራሱ ነበር! ይህን እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ጻፈው፤ አሁን ወንድ ሳያቋርጠኝ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እጨርሳለሁ ብሎ ጭምር።

የኔ ላቦራቶሪ ፀጉር ቤት ነው። ሴት በሌለችበት ወንዶች ምን እንደሚያወሩ እዚያ ነው የሰማሁት። በቀደም አንዱ “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል” አለና ቤቱ ሁሉ ሳቀ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነበር፣ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ያንን አስቀርቶታል፣ ፀጉር ቤቱ ግን ገና አልሰማም። እኔን ያሳደገችኝ፣ ቤቱን ያቆመችው እናቴ ናት አልኳቸው። “ሚስትህ ናት እንዴ የላከችህ?” ብለው እንደገና ሳቁ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ቤት ይህንኑ ስናገር የተሰጠኝ መልስ “በዚህ አፍሽ ባል አታገኚም” ነበር። ለሴቷ ማስፈራሪያ፣ ለወንዱ ቀልድ። ቀልዱም ቢሆን ለኔ ቀላል አይደለም፣ አብረህ ካልሳቅክ ምን ዓይነት ወንድ እንደሆንክ መመርመር ይጀምራሉ፣ እኔ ደግሞ የሚመረመር ነገር አለኝ።

ምክንያቱም ይህ ክብር እስኪታወቅብኝ ድረስ ነው። የትልልቅ ሕንፃዎች በር ላይ ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት ነው የሚፈትሻት። የወንዶቹ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ፣ የፈታሹ እጅ ደረቴ ጋ ሲደርስ ትንፋሼን ይዤ ነው የማልፈው። የማህፀን ሐኪም ጋ ስሄድ ደግሞ ካርዱ ላይ ባለው ስም ተጠርቼ ነው የምገባው። ያመመኝን ገና ሳልጨርስ “አግብተሻል?” ተብያለሁ። በዚያች ደቂቃ ፀጉር ቤት ውስጥ የነበረው ወንድ የለም። የሴትን ቃል የማይሰማ ሰው ፊት ተቀምጫለሁ፣ በዚያ ላይ እንደ ጉድ እየታየሁ።

ታናሽ እህቴ ቤት ስትፈልግ ያየሁትን ልንገራችሁ። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ መሀል ከተማ ቤት ማግኘት ፈተና ሆኗል፣ ላጤ ሴት ስትሆን ደግሞ ባሰ። ቀበና አንድ ግቢ ወንድሟ ነኝ ብዬ አብሬያት ሄድኩ። ደመወዝ ያላት፣ ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት። አከራይዋ እናት ግን እኔን ነው የሚያዩት። “ስንት ሰዓት ነው የምትገባው? ወንድ ታመጣለች?” እሷኑ ይጠይቋት አልኩ። ደግመው እኔኑ ጠየቁኝ። ከዚያ ዋስ ያስፈልጋል ተባለ። የኔ መታወቂያ ላይ የተጻፈው ጾታ ሴት ነው፣ ላቤ ጠብ አለ። አልያዝኩትም አልኳቸው። “ምን ችግር አለው ልጄ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ? ቃልህ ይበቃኛል” አሉኝ።

የእህቴን መታወቂያ ፊትና ጀርባውን ኮፒ አስደርገው ያዙ።