ቦንዱ በማን ስም ይሁን? የመንግሥት ቦንድን በቤተሰብ አደራ ማስቀመጥ

[ምስል፦ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ሰሜን ሸዋ። የቆርቆሮ ሳጥን ይከፈታል። ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይወጣል።]

ተራኪ፦ ይህ የህዳሴ ግድብ ቦንድ ነው፤ ለግድቡ ገንዘብ ያበደሩበት፣ ጊዜው ሲደርስ ዋናው ገንዘብ የሚመለስበት ወረቀት። ሽያጩ የተጀመረው የግድቡ መሠረት በተጣለበት በ2003 ዓ.ም. ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ወረቀቱ ግን በስንቱ ቤት ገና ሳጥን ውስጥ ተኝቷል።

የዚህ ሳጥን ባለቤት አንዲት አያት ናቸው እንበል። ቦንዱ ለሦስቱ የልጅ ልጆቻቸው እንዲሆን ይፈልጋሉ። ልጆቹ ትንንሾች ናቸው። ታላቅ ልጃቸው ደብረ ብርሃን ይሠራል። «አደራ ብያለሁ፣ እሱ ይይዝላቸዋል» ይላሉ።

እሺ። ልጁ ጨዋ ነው። ግን ባንኩ ያንን አደራ አልሰማም።

[ምስል፦ የባንክ መስኮት። ወረቀቱ ከመስተዋቱ ሥር ሲገባ።]

ባንኩ የሚያየው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ቦንዱ በአያትየው ስም ከሆነና እሳቸው ካረፉ፣ ገንዘቡ የውርስ ሀብት ይሆናል። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠየቃል። ያን ጊዜ አክስትም አጎትም ይመጣሉ። በአደራ የተባለው ነገር ወሬ ሆኖ ይቀራል።

በልጁ ስም ቢዛወርስ? ይሄ ደግሞ የባሰ ነው። ወረቀት ላይ ንብረቱ የእሱ ሆነ ማለት ነው። ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪው ሊያስይዘው ይችላል። ቢፋታ ክርክር ውስጥ ይገባል። እሱ ቀድሞ ቢሞት፣ ቦንዱ የእሱ ወራሾች ጋ ይሄዳል።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ መላ አለው። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ስለ አደራ ይናገራል። አንድ ሰው የተወሰነ ንብረት ለይቶ፣ ባለአደራ ሾሞ፣ «በዚህ መመሪያ አስተዳድር፣ ጥቅሙ ለእነዚህ ይሁን» ማለት ይችላል። በስጦታ ይቋቋማል፣ ወይም በኑዛዜ። ትልቁ ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? የባለአደራው የግል አበዳሪዎች አደራው ላይ እጃቸውን አያሳርፉም። ንብረቱን ይይዛል እንጂ አይበላውም።

[ምስል፦ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን። አንዱ ቦንድ፣ አንዱ የአደራ ሰነድ። ጣት ቁጥሮቹን እየተከተለ።]

ሰነዱ ላይ «ያለኝን ቦንድ ሁሉ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የቦንዱ ቁጥር ይጻፍ። መጠኑ፣ የተገዛበት ቀን፣ ያወጣው ባንክ ይጻፍ። ባለአደራው ቢሞት ወይም አልችልም ቢል ማን እንደሚተካው ይጻፍ። ወለዱ በየጊዜው ለትምህርት ይውጣ ወይስ ይጠራቀም፣ እሱም ይጻፍ።

አሁን ብዙ ሰው ባንክ ደርሶ የሚመለስበት ጉዳይ። ስም!

ቦንዱ ላይ «ገ/ማርያም» ተብሏል። መታወቂያው ላይ «ገብረማርያም» ነው። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ቦንዱ የተገዛለት እናቱ በምትጠራው ስም ነው፤ የልደት ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ሌላ። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ገልብጣ አይታ፣ «እማማ፣ ስሙ አይገጥምም፤ ማስረጃ ያምጡ» ትላለች። ጥፋት የለባትም። ከመሐል ሜዳ ለዚህ መመላለስ ግን ያንገበግባል። ስለዚህ ሰነዱ ከመጻፉ በፊት ቦንዱን፣ የፋይዳ መታወቂያውንና የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬት አንድ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ባንኩንም ባለአደራው በምን ዓይነት ሰነድ እንደሚስተናገድ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቦንዱ ከመነሻው በልጅ ስም የተገዛ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ባለቤቱ ልጁ ነው። 18 ዓመት እስኪሞላው ወላጆቹ፣ እነሱ ከሌሉ ሞግዚቱ ስለ እሱ ይፈርማሉ።

[ምስል፦ ካልኩሌተር። 10,000 ብር።]

ስለ ገንዘቡም እናውራ። 10,000 ብር በ6 በመቶ ወለድ ቢቀመጥ በዓመት 600 ብር ያመጣል። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ያለፈባቸው ወራት ነበሩ። ብሩ ባይጎድልም የሚገዛው ጤፍ ይጎድላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጊዜው ያለፈ ቦንድ ላይ ቁጭ የሚል ባለአደራ አደራውን ጠበቀ አልልም። ዋናውን ተቀብሎ ወደ ሌላ ማዛወር እንዲችል ሰነዱ ይፍቀድለት። ለምሳሌ የግምጃ ቤት ሰነድ አለ፤ መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት ወረቀት ነው። የ91፣ የ182 ወይም የ364 ቀን ገዝቶ፣ በቅናሽ ከፍሎ፣ ሲደርስ ሙሉውን መቀበል ነው።

አያትየው አደራውን በኑዛዜ ካደረጉት የአጻጻፉን ሥርዓት አደራ! በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። የእድር ዳኛው አንዱ ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ግን ምስክር አይሁን፤ ለምስክር የተናዘዙለት አይጸናም። በራሳቸው እጅ ከጻፉት ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጃቸው መሆን አለበት። ኑዛዜ መሆኑ ይገለጽ፣ ገጹ ሁሉ ቀንና ፊርማ ይኑረው። በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል።

[ምስል፦ የመዝገብ ቤት ማኅተም ያለበት ደረሰኝ።]

ያስቀመጡበትን ደረሰኝ ለባለአደራው ስጡት። ቦንዱ ያለበት ሳጥን ውስጥ አትጨምሩት።