«ኢሜይሉ አልሄድ አለኝ»፦ የጉዞ ፎቶ ስለመላክ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር የደወሉ አድማጮች ላነሷቸው ጥያቄዎች የኮምፒውተር ባለሙያው በአየር ላይ የሰጡት መልስ ነው።

ከሽምብጥ፦ ጢስ ዓባይ ሄደን ያነሳናቸውን 20 ፎቶዎች አሜሪካ ላለችው እህቴ ልልክ ስል ይሽከረከርና «አልተላከም» ይለኛል። ኔትወርኩ ነው?

ኔትወርኩን ለዛሬ ይማሩት፤ ጭነቱ በዝቶ ነው። የአሁን ስልክ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይሆናል። ፏፏቴ ደግሞ ጠብታው፣ ጭሱ፣ ቅጠሉ ሁሉ ዝርዝር ስለሆነ ፋይሉ ከባድ ነው፤ ባዶ ሰማይ ቢያነሱ በጣም ይቀል ነበር። 20ውን በ4 ሜጋባይት ቢያሰሉት 80 ይመጣል። ጂሜይል በአንድ ኢሜይል የሚፈቅደው 25 ሜጋባይት ነው፣ አውትሉክ 20። እሱንም ሙሉውን አይጠቀሙበትም። ኢሜይል ሲጀመር ለጽሑፍ ብቻ ስለተሠራ ፎቶው በፊደል ተገልብጦ ነው የሚጓዘው፤ ሲገለበጥም በሲሶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በጂሜይል በአንድ ጊዜ ከ18 ሜጋባይት አይለፉ።

መፍትሔው ማሳነስ ነው። ረዥሙን ጎን 1600 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው) ሲያደርጉት እያንዳንዱ ፎቶ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ 20ዎቹም በአንድ ኢሜይል ይገባሉ። ለስልክና ለኮምፒውተር ስክሪን ከበቂ በላይ ነው። አይፎን በራሱ ሜይል ሲልኩ መጠኑን ይጠይቅዎታል፤ «ትልቅ» የሚለውን ይምረጡ። ዊንዶውስ ላይ ፎቶውን ከፍተው ሦስቱን ነጥቦች ሲጫኑ «ሪሳይዝ» ያገኛሉ። ሴቭ ሲያደርጉ ግን በሌላ ስም ይሁን! በዋናው ላይ ደርበው ካስቀመጡት ትልቁ ፎቶ ሄደ ማለት ነው፣ አይመለስም። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ዋናውን አትንኩ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ዚፕ ባደርገው አይቀንስም?

አይቀንስም። ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ድሮውኑ የተጨመቀ ነው፤ ዚፕ ፎቶዎቹን በአንድ ይሰበስብልሃል እንጂ አያሳንሳቸውም።

ከፋሲሎ፣ ሴት ደዋይ፦ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት ስለማይገባ እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ። ባለቤቴ ከውስጥ ያነሳውን በቴሌግራም ላከልኝ፤ አሳትሜ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ስል ደብዛዛ ሆነ።

ባለቤትዎ አልሰነፉም፣ ቴሌግራም ነው ያሳነሰው። ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልኩት፣ ሌላ ካልመረጡ በቀር፣ ረዥሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። ጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል፤ 1280 ፒክስል ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚያጠግበው። ለ10 በ15 ፎቶ 1800 ያህል፣ ለ20 በ30 ደግሞ 3500 ያህል ፒክስል ያስፈልጋል። ባለቤትዎ የወረቀት ማያያዣዋን (የክሊፕ) ምልክት ነክተው «ፋይል» በሚለው በኩል እንደገና ይላኩት፤ ያኔ እንዳለ ይመጣል። ኢሜይልም ይሆናል፤ አራት አራት እያደረጉ፣ ሳያሳንሱ። ዋናውን ከስልካቸው አጥፍተውት ከሆነ ግን ከ1280ው ትልቅ የሚሠራ ተአምር የለም።

እግረ መንገዴን፣ ገዳማት ውስጥ ሳያስፈቅዱ አያንሱ፤ ቢፈቀድም ፍላሹን ያጥፉ። ለአሮጌ ሥዕል ብርሃን አይበጅም።

ከዲያስፖራ ሰፈር፦ ጂሜይል ፎቶዎቼን ራሱ ወደ ድራይቭ አስገብቶ ሊንክ ላከ። አጎቴ ሲከፍተው «ፈቃድ ጠይቅ» ይለዋል።

ድራይቭ የጉግል የኢንተርኔት ማስቀመጫ ነው፤ ከ25 ሜጋባይት ሲያልፍ እንዲያ ያደርጋል። ድራይቭ ውስጥ ፋይሉን ይዘው «ሼር» ይበሉ፤ ወይ የአጎትዎን ኢሜይል ያስገቡ፣ ወይ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን ይምረጡ። ሁለተኛው ይቀላል፣ ግን ሊንኩ የደረሰው ሰው ሁሉ ያያል። ደግሞም ሊንክ ፎቶ አይደለም። «ደርሶታል» ብለው ከድራይቭ ቢያጠፉት ከአጎትዎም ዘንድ ይጠፋል። በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለጉግል ፎቶ የጋራ ነው፤ ሲሞላ አዲስ ኢሜይል መቀበልም ያቆማል። አጎትዎ አውርደው ሳያስቀምጡ አይሰርዙ።

ከግሽ ዓባይ፣ እናት፦ እኔ አጠቃቀሙን ስለማላውቅ ፎቶ ቤት ያለ ልጅ በኔ ኢሜይል ይልክልኛል። ፓስወርዱን በወረቀት ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። አሁን ልጁ ሥራ ለቋል አሉ። ችግር አለው?

አለው እናቴ፤ በጣም አለው። ሌሎቻችሁም ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ፣ ይህን የምታደርጉት ብዙ ናችሁ።

ልጁን አላማም፤ ጨዋ ይሆናል። ግን ወረቀቷ የት ናት? ኮምፒውተሩስ? «ፓስወርድ ልያዝልህ?» ሲል «እሺ» ተብሎ ከሆነ ማንም እዚያ የተቀመጠ ሰው በአንድ ክሊክ ይገባል። ኢሜይል የገባ ሰው ደግሞ ፎቶ አይቶ አይመለስም። ፌስቡክ ላይ «ፓስወርዴን ረሳሁ» ይላል፣ መክፈቻው በእናንተ ኢሜይል ይመጣለታል። የላካችሁትን አገላብጦ እህት ማን እንደሆነች፣ አጎት የት አገር እንዳለ ያውቃል። ከዚያ «ታምሜ ተኝቻለሁ፣ በዚህ ቁጥር ብር ላኪልኝ» ብሎ በስማችሁ ይጽፋል። እህት ከእናንተ አድራሻ ስለመጣ ታምናለች።

የባሰም አለ። ስልክ ስትገዙ ሻጩ የከፈተላችሁ ኢሜይል። ፓስወርዱን ራሱ አወጣ፣ የልደት ቀን ፈጠረ፣ ማስመለሻ ስልክ ቁጥር ላይ የራሱን አስገባ፣ እናንተ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ ወጣችሁ። አንድ ቀን ስልኩ ተበላሽቶ ከነአካቴው ሪሴት ሲደረግ አንድሮይድ የድሮውን ኢሜይልና ፓስወርድ ይጠይቃል። ከሌላችሁ ስልኩ ተቆለፈ።

እንግዲህ ዛሬውኑ፣ በራሳችሁ ስልክ፣ አካውንታችሁ ስልኩ ላይ ተከፍቶ ባለበት ሰዓት፦ ሴቲንግ፣ ጉግል፣ ከዚያ ወደ አካውንታችሁ ግቡና «ሴኩሪቲ» የሚለውን ክፈቱ። መጀመሪያ የማስመለሻ ቁጥሩና ኢሜይሉ የእናንተ መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ ቀይሩ። ቀጥሎ ፓስወርዱን ለውጡ፤ የልጅ ስምና የትውልድ ዓመት አይሁን። ከዚያ «ዲቫይስ» የሚለው ውስጥ አካውንታችሁ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ተዘርዝረዋል፤ የማታውቁትን ሁሉ አስወጡ። በመጨረሻ ከፓስወርድ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። በስልካችሁ የሚመጣውን ኮድ ለማንም አትንገሩ፤ «ከጉግል ነው የምደውለው» ቢልም፣ የእህት ልጅ ቢሆንም። ጂሜይልን በኮምፒውተር የሚከፍት የምታምኑት ሰው ካለ «ፎርዋርዲንግ» የሚለው ውስጥ የሌላ ሰው አድራሻ አለመኖሩን ይይላችሁ፤ ፓስወርድ ቢቀየርም ኢሜይላችሁ በዚያ በኩል መፍሰሱ አይቆምም።

ፎቶ ቤት መሄድ ግድ ከሆነ ፎቶውን በፍላሽ ውሰዱና ከፎቶ ቤቱ በራሱ ኢሜይል ለእህታችሁ ይላክ። ላኪው የግድ እናንተ መሆን የለባችሁም! ቅጂው እዚያ እንደሚቀር ግን እወቁ፤ የልጆች ፎቶ ከሆነ አስቡበት። ራሳችሁ የምትገቡ ከሆነ ክሮም ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን ተጭናችሁ በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ግቡ፣ ስትጨርሱ ሳይን አውት አድርጋችሁ መስኮቱን ዝጉ። ዴስክቶፕ ላይ የተገለበጠውን ፎቶ በሺፍትና ዲሊት አጥፉ። የምታጠፉት የእነሱን ቅጂ ነው፣ የፍላሹን አይደለም፤ ዋናውን አትንኩ ብያለሁ።

እናቴ፣ እርስዎ ብቻዎን አይሞክሩት። ዛሬ ማታ የሚያምኑት የቤተሰብ ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ።

ከበላይ ዘለቀ፦ ፍላሹን ከኢንተርኔት ቤት ስመልስ ፎቶዎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ።

ቫይረስ ነው። ፎቶዎቹ ብዙ ጊዜ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። ሾርትከቶቹን አይክፈቱ፣ «ፎርማት» ሲልም እሺ አይበሉ። ባለሙያ ይየው።

ሌላ ደዋይ፦ ከዘጌ አብረን ለተጓዝን 14 ሰዎች በአንዴ ልላክ?

ይላኩ፤ አድራሻቸውን «ቢሲሲ» ላይ ያስገቡ። አለበለዚያ ሁሉም የሁሉንም አድራሻ ያያል፣ አንዱ «ለሁሉም መልስ» በሚለው «አመሰግናለሁ» ሲል ደግሞ ለ14 ሰው ይደርሳል።

ሌላ ደዋይ፦ ፎቶው ቤቴ የት እንደሆነ ይናገራል ሲሉ ሰማሁ።

የካሜራው ሎኬሽን በርቶ ከነበረ አዎ፤ በኢሜይል እንዳለ ሲላክ ቦታውን ይዞ ይሄዳል። ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ያጥፉት። ለድሮዎቹ፣ ዊንዶውስ ላይ ፎቶውን በቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ዲቴይልስ»፣ ከታች መረጃውን አስወግድ የሚለውን። በቅጂው ላይ ያድርጉት።

የመጨረሻው ደዋይ፦ አሁን ከጀልባ ስወርድ ስልኬ ጣና ገባብኝ፤ አወጣሁት፣ ይሠራል። ፎቶዎቹ ገና አልተላኩም።

«ይሠራል» ብለው አይጽናኑ፤ አሁኑኑ ያጥፉት፣ ቻርጅ አይሰኩ። ሚሞሪ ካርድ ካለው አውጥተው ያድርቁት፣ ፎቶው እዚያ ከነበረ የመትረፍ ዕድሉ ጥሩ ነው። ሩዝም ሆነ ጤፍ ውስጥ አይክተቱት፤ ዱቄቱ በቻርጀሩ ቀዳዳ ይገባል። ስልኩን አብርተው ፎቶ ለመላክ አይሞክሩ፤ በቀጥታ ጥገና ቤት ይሂዱ።