ድምፁ የት ጋ ጠፋ?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬም ከሐዋሳ ነው የምቀዳው። ሱቄን ዘግቻለሁ፣ ፒያሳ ግን ገና አልተኛም። የባጃጅ ድምፅ ከገባባችሁ ይቅርታ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ መጣ። ዓይነ ስውር ነው። ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና "ወንድሜ፣ ዝም ብሎብኛል" አለኝ። ለብዙዎቻችን ድምፅ የሌለው ኮምፒውተር ዘፈን የማይከፍት ኮምፒውተር ነው። ለእሱ ግን ስክሪኑ ጠፋ ማለት ነው። የሚሠራው ኤንቪዲኤ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ ያነብለታል። ፈተናው አምስት ቀን ቀርቶታል። ከእኔ በፊት ያየው ሰው ደግሞ "ቦርዱ ሄዷል" ብሎታል፣ የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ተበላሽቷል ማለቱ ነው።

ይህች "ሄዷል" የምትባል ቃል ታስፈራኛለች። እኔም ብያታለሁና። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ከሻሸመኔ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ድምፅ የለውም። "ስፒከሩ ሄዷል" ብዬ ቀየርኩላቸው። ሠራ። በማግስቱ ተመለሱ፣ እንደገና ጠፍቷል። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ማሽኑ ድምፁን የሚያጣው ክዳኑ ተዘግቶ ተኝቶ ሲነቃ ነበር። ስፒከሩን ስቀይር ባትሪውን ነቅዬዋለሁ። ድምፁን የመለሰው ማሽኑ ጠፍቶ መነሳቱ እንጂ አዲሱ ስፒከር አልነበረም። ችግሩ የድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነበር። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው። የሁለት ቀን የመንገድ ድካማቸውን ግን በምን ልመልሰው?

ከዚያ ወዲህ ብሎን ከመፍታቴ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ አለ። ድምፁ የት ጋ ነው የጠፋው? ድምፅ መንገድ አለው። ከፕሮግራሙ ይነሳል፣ በዊንዶውስ ያልፋል፣ ድራይቨሩ ተቀብሎ ለሳውንድ ቺፑ ይሰጠዋል፣ ከቺፑ ወደ ስፒከሩ ወይም ወደ ኢርፎኑ ይወጣል። መንገዱን ደረጃ በደረጃ መዝጋትና መክፈት ነው ሥራው።

መጀመሪያ ኢርፎን ሰካሁ። ዝም። ስፒከሩም ዝም፣ ኢርፎኑም ዝም ካለ ስፒከሩን ለጊዜው እተወዋለሁ። ሁለቱ በአንድ ቀን ተያይዘው አይሞቱም። በኢርፎን ቢሰማና በስፒከር ባይሰማ ኖሮ ግን የስፒከሩን ሽቦ ወይም የኢርፎኑን ቀዳዳ እጠረጥር ነበር። አንዳንዴ ቀዳዳው ውስጥ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ተጣብቃ ትቀራለች። ኮምፒውተሩ ኢርፎን የተሰካ ይመስለውና ስፒከሩን ይዘጋል።

ቀጥዬ የዩኤስቢ ሄድሴት ሰካሁ። ይህ የራሱ ሳውንድ ቺፕ አለው፣ ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ተራ ድራይቨርም ይሠራል። የላፕቶፑን ቺፕ አያስቸግረውም። ሄድሴቱን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። ትንሽ ቆይቶ ሁለት እጆቹ ወደ ኪቦርዱ ሄዱ። "አለ! እያነበበልኝ ነው!" አለ። ምርመራው ገና ግማሽ ላይ ነው፣ እሱ ግን ኮምፒውተሩን አግኝቷል። በነገራችን ላይ ስክሪን በጆሮው ለሚያነብ ሰው እንዲህ ያለ ሄድሴት ቦርሳው ውስጥ መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ።

በሄድሴቱ ስለተሰማ ኤንቪዲኤም ዊንዶውስም ደህና ናቸው፤ አሁን የቀሩት የላፕቶፑ ቺፕና ድራይቨሩ ናቸው። ሁለቱን ለመለየት ኡቡንቱ የሚባል፣ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ሥርዓት ያለበት ፍላሽ አለኝ። ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ይነሳል፣ የዊንዶውስን ድራይቨር አያውቀውም። ሄድሴቱን ነቅዬ የድምፅ ሙከራውን ከፈትኩት። ከላፕቶፑ ስፒከር "ፍሮንት ሌፍት" የሚል ድምፅ ወጣ። ልጁ ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዞረ። "ፍሮንት ራይት" ሲል ወደ ቀኝ። ቺፑ ጤነኛ ነው፣ ስፒከሩም ጤነኛ ነው፣ ቦርዱም የትም አልሄደም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በኡቡንቱ ድምፅ ባይወጣ ኖሮ ቺፑ ሞቷል አልልም ነበር። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ኡቡንቱ ራሱ ድራይቨር ሊያጣ ይችላል። ሲሰማ ማስረጃ ነው፣ ሳይሰማ ሲቀር ግን ገና ጥርጣሬ ነው።

ሌላ የምጠቀምበት መለያ የእጅ ነው። ሽቦውን ስትነኩት፣ ክዳኑን ስትጫኑት ድምፁ ከተቆራረጠ የሃርድዌር ነገር ነው። ድራይቨር የእጃችሁን መንካት አያውቅም። ከአፕዴት በኋላ ወይም ከእንቅልፍ ሲነቃ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ድራይቨሩን ጠርጥሩ። ቻርጀር ሲሰካ ብቻ እምምም የሚል ከሆነ ነቅላችሁ በባትሪ ስሙት። ከጠፋ ነገሩ ከኤሌክትሪኩ ወይም ከቻርጀሩ ነው።

የልጁ ዊንዶውስ በዚያው ሳምንት አፕዴት አድርጓል። የምጫነውን ቁልፍ እየነገርኩት ዲቫይስ ማኔጀር፣ ማለትም ዊንዶውስ ዕቃዎቹንና ድራይቨሮቻቸውን የሚያሳይበት ቦታ ገብቼ ወደ ድሮው ድራይቨር ልመልሰው ስል ቁልፉ ደብዝዟል፣ አይጫንም። ስለዚህ የላፕቶፑን ሞዴል ፈልጌ ከአምራቹ ድረ ገጽ የራሱን ድራይቨር አወረድኩና ጫንኩ። ከዚያ ሪስታርት። አጥፍቶ ማብራት አላልኩም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ "ሸት ዳውን" ስትሉት ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ ላያጠፋው ይችላል፣ ቶሎ ለመነሳት ከፊሉን ያስቀምጠዋል። ሪስታርት ግን ከዜሮ ያስነሳዋል።

ተነሳ። ኤንቪዲኤ በላፕቶፑ በራሱ ስፒከር ማንበብ ጀመረ። ልጁ አላመነም። ክዳኑን ዘጋ፣ ቆየ፣ ከፈተ፣ አዳመጠ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ከዚያ "ያንን የዊንዶውስና የኤክስ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ኤም ያልከውን እንደገና ንገረኝ፣ ዲቫይስ ማኔጀሩን ራሴ ልክፈተው" አለኝ። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።