ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? አባዬን ይዤ ወደ ሳፓ

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ጭንቅላቴን የያዘው አንድ ጉዞ ስለሆነ እሱን ላውራችሁ ብዬ ነው፣ ገና አልሄድንም፣ እቅድ ላይ ነን፣ ግን እቅዱ ራሱ ብዙ ነገር አስተማረኝ።

ነገሩ የጀመረው በፎቶ ነው። ከአራት ወር በፊት ይመስለኛል፣ ማታ ስልኬን ስነካካ የሰሜን ቬትናም ተራሮች ፎቶ መጣልኝ፣ ሳፓ የምትባል ከተማ አካባቢ፣ ተራራው ከላይ እስከ ታች በእርከን ተሸንሽኖ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ሩዙ ወርቅ መስሎ። እኔ እርከን ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የልማት ሠራተኛ ነበር፣ ሰሜን ሸዋና ደቡብ ወሎ፣ በምግብ ለሥራም ጊዜ በኋላም በዘመቻውም ጊዜ ገበሬ አስተባብሮ እርከን ሲያሠራ ነው የኖረው። ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ የምሰማው ቃል ካብ፣ ክትር፣ ፋንያ ጁ (አፈሩን ወደ ላይ እየጣሉ የሚሠሩት እርከን)፣ የጎርፍ መቀልበሻ ነው። ስለዚህ ፎቶውን ወዲያው ላኩለት፣ ደብረ ብርሃን ነው ያለው፣ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል።

ያየው ሰው ሁሉ "ዋው" ነው የሚለው፣ እኔም እንደዛ ነው ያልኩት። አባዬ ግን ደወለና ሰላምታውን እንኳን በደንብ ሳይጨርስ "ልጄ፣ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?" አለኝ።

"የቱ ውሃ?" አልኩት።

"ሩዝ ነው አላልሽም? ሩዝ ውሃ ይዞ ነው የሚቆመው፣ ፎገራን አይቻለሁ፣ ፎገራ ግን ሜዳ ነው። ይሄ ገደል ነው። ገደል ላይ ውሃ እንዴት አቆሙት?"

መልስ አልነበረኝም። እና እዛች ጋ ነው ይሄን ሰውዬ ይዤው መሄድ አለብኝ ያልኩት፣ እውነት ነው የምላችሁ፣ እዛው ስልኩ ላይ እያለሁ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ፣ እና ያወቅኩትን ነገር ለእናንተም ልንገራችሁ ምክንያቱም በጣም ነው የገረመኝ። አባዬ የሠራው እርከን ሥራው አፈር ማስቀረት ነው አይደል፣ ጎርፉ እንዳይጠርገው፣ ዝናቡ ቀስ ብሎ መሬት ውስጥ እንዲሰርግ። የሳፓው እርከን ግን ውሃ ለመያዝ ነው የተሠራው። እያንዳንዱ እርከን ጠርዙ ላይ በጭቃ የተሠራ ትንሽ ግድብ አለው፣ ውሃው ከላይኛው ማሳ ሞልቶ በተከፈተለት በር ወደ ታችኛው ይወርዳል፣ ከዚያ ደግሞ ወደሚቀጥለው፣ እንዲህ እያለ እስከ ወንዙ። ሞተር የለም ፓምፕ የለም፣ በቦይና በቀርከሃ ቧንቧ ነው የሚመጣው። ምንጩ ደግሞ ከላይ ያለው ጫካ ነው፣ ሆአንግ ሊየን የሚባለው ተራራ፣ ብሔራዊ ፓርክ ነው አሁን፣ ጫካው ጉምና ዝናብ ይይዛል፣ ቀስ እያለ ይለቃል። ይሄን ለአባዬ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና "እኛ ከላይ ያለው ዛፍ ካለቀ በኋላ ነው እርከን የጀመርነው" አለኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም። ሌላ ምንም አላለም እኔም አልጠየቅኩትም።

የሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ሞንግ ናቸው፣ ከደቡብ ቻይና ተሰደው የመጡ ሕዝቦች፣ ዛይ፣ ዛኦ፣ ታይ የሚባሉም አሉ። ሳፓ ዙሪያ ያሉት ጥቁር ሞንግ ይባላሉ በልብሳቸው ምክንያት፣ ልብሱን ራሳቸው ነው የሚሠሩት፣ ሄምፕ ከሚባል ተክል ክር ፈትለው ሸምነው ኢንዲጎ በሚባል ቅጠል ይነክሩታል፣ ነክረው ያደርቁታል፣ ደግመው ይነክሩታል፣ ጥቁር ሊሆን የቀረበ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ።

እና እቅድ። መጀመሪያ መቼ ነው የምንሄደው የሚለው ነበር ያስቸገረኝ። ሁሉም ሰው መስከረም ሂዱ ነው የሚለው፣ እዚያ አካባቢ በብርዱ ምክንያት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሩዝ የሚመረተው፣ ግንቦትና ሰኔ ይተከላል፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ቢጫ ይሆናል ይታጨዳል። አስቡት፣ እኛ ጋ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን እዛ ተራራው ሙሉ ቢጫ ነው። እኔ ልቤ እዛ ላይ ነበር፣ እንቁጣጣሽን ከአባዬ ጋር እዛ ብናሳልፍ እያልኩ ሁሉ አስቤ ነበር።

ግን አንድ ነገር አነበብኩ። በ2016 ጳጉሜን ላይ ያጊ የሚባል ታይፉን፣ ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ማለት ነው፣ ሰሜን ቬትናምን መታ፣ ከባድ ዝናብ ነው ያመጣው። ጳጉሜን 5 ጠዋት፣ የእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማለት ነው፣ ሳፓ ባለችበት በላኦ ካይ ክፍለ ሀገር ላንግ ኑ የምትባል መንደርን ከተራራው የወረደ ጎርፍና ጭቃ ጠራርጎ ወሰዳት። ሳፓም አካባቢ ናዳ ነበር። እኔ ይሄን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ጎፋ ነው። ያው በዚያው ዓመት ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ገዜ ጎፋ ኬንቾ ሻቻ ውስጥ ተራራው ተንሸራቶ ሰው ቀበረ፣ ጎረቤቱ ሊያወጣቸው ሮጦ መጣ፣ ሲቆፍሩ ደግሞ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው፣ ከ200 በላይ ሰው። ያን ሰሞን አባዬ ዜናውን እያየ ሲያለቅስ ነው የማስታውሰው፣ ከዚያ በፊት እሱ በዜና ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ሁለቱም አገር ገበሬ ነው፣ ሁለቱም ተራራ ላይ የሚኖር፣ በሁለት ወር ልዩነት። ስለዚህ ለፎቶ ቆንጆ ነው ብዬ አባቴን በታይፉን ወቅት ተራራ ላይ ልወስደው አልፈልግም፣ የሚሄዱ ሰዎች አሉ ብዙዎቹም በሰላም ይመለሳሉ፣ እኔ ግን ልቤ አይቆምም።

ደግሞስ አባዬ የጠየቀኝ ስለ ወርቁ አልነበረም እኮ፣ ስለ ውሃው ነው የጠየቀኝ። ውሃው የሚታየው መቼ ነው? ግንቦትና ሰኔ፣ ማሳዎቹ ተሞልተው ችግኝ ሳይተከል ወይ ገና ሲተከል፣ ተራራው ሁሉ መስታወት ይሆናል፣ ሰማዩ ደረጃ በደረጃ ይታይበታል። ጎሽ ጭቃውን ሲያርስ፣ ሴቶቹ አጎንብሰው ሲተክሉ። ሰው ሥራ ላይ እያለ ነው ማለት ነው የምንደርሰው፣ እና አባዬ ሰው ሲሠራ ነው ማየት የሚወደው፣ የታጨደ ነገር ቆሞ አይመለከትም።

ዘንድሮ ጰራቅሊጦስ ግንቦት 23 ነው፣ በማግስቱ የሰኔ ጾም ይገባል። ከዚያ በፊት በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። አባዬ ጾም አያፈርስም፣ ሰው አገር ሄዶ የሚበላው አጥቶ እንዲንከራተት አልፈልግም፣ ስለዚህ ከግንቦት 12 እስከ 21 ብለን ቆረጥን። የአሳማ ሥጋ እዛ በብዛት ነው የሚበላው፣ ታንግ ኮ የሚባል የፈረስ ሥጋ ወጥም አላቸው ሞንጎቹ፣ ገበያ ቀን ትልቅ ድስት ጥደው። እኛ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ሩዝ፣ ጎመን፣ ይበቃናል። ቻይ የሚለውን ቃል አባዬን አስጠንቼዋለሁ፣ ያለ ሥጋ ማለት ነው በቬትናምኛ።

በረራው ቀላል ሆኗል፣ የእኛ አየር መንገድ ሐምሌ 2017 ላይ ዋና ከተማቸው ሃኖይ መብረር ጀምሯል። ቪዛውም በኢንተርኔት ነው፣ አንድ ጊዜ ለመግባት 25 ዶላር፣ እስከ 90 ቀን ይሰጣል።

የከበደኝ ከሃኖይ በኋላ ያለው ነው፣ ምክንያቱም የአባዬ ጉልበት። ቀኙ ጉልበቱ ደህና አይደለም፣ ያን ሁሉ ዳገት የወጣበት እግር ነው። ከሃኖይ ሳፓ ወደ 320 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ2014 በፈረንጆቹ የተከፈተ ፈጣን መንገድ ስላለ በአውቶብስ አምስት ስድስት ሰዓት ነው የሚፈጀው፣ መኝታ ያለው አውቶብስም አለ ግን መኝታው ጠባብ ነው፣ ተንጠላጥለው ነው የሚወጡት። ሌላው አማራጭ የሌሊት ባቡር ነው፣ ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ተኝተህ ጠዋት ላኦ ካይ ትደርሳለህ፣ ከዛ ሳፓ 38 ኪሎ ሜትር ዳገት በመኪና።

ባቡሩን ሳነብ ምን አገኘሁ መሰላችሁ። የላኦ ካይን ሐዲድ የሠሩት ፈረንሳዮች ናቸው፣ እስከ ቻይና ኩንሚንግ የሚሄደው መስመር በ1910 ነው ያለቀው። የድሮውን የጅቡቲ ባቡራችንንም ፈረንሳዮች ናቸው የሠሩት፣ አዲስ አበባ በ1917 ነው የገባው፣ ሁለቱም በፈረንጆቹ ነው የምላችሁ። የሁለቱም ሐዲድ ስፋት ደግሞ እኩል ነው፣ 1 ሜትር። አባዬ ወጣት ሆኖ በዚያ ባቡር ድሬዳዋ ሄዷል፣ እስከዛሬ ያወራዋል፣ የአዋሽን ብርቱካን፣ የመስኮቱን ንፋስ። ይሄን ስነግረው "በቃ ባቡሩን ነው" አለ። አለቀ። እኔ ስለ ጉልበቱ ነበር የማስበው እሱ ስለ ድሬዳዋ።

ሙቀቱን ግን ልብ በሉልኝ፣ ከደጋ ለምትሄዱ ማለቴ ነው። ሁሉም ጋይድ ስለ ሳፓ ብርድ ነው የሚያወራው፣ ተራራ ነው ከፍታ ነው ይላል። ሳፓ ከተማዋ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት እኮ፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 በላይ ነው፣ አባዬ ወደ ተራራ ሳይሆን ወደ ቆላ ነው የሚወርደው። ክረምታቸው፣ ታኅሣሥና ጥር፣ እርጥብ ብርድ ነው አንዳንዴ በረዶም ይጥላል፣ ግንቦት ላይ ግን የሚያስፈራኝ ሃኖይ ነው፣ 35 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም፣ ላቡም አይደርቅም። ስለዚህ ሃኖይ አናድርም፣ በደረስንበት ቀን ማታውኑ ባቡር እንይዛለን፣ ሃኖይን ስንመለስ ትንሽ እናያታለን። ከፍታ ካነሳሁ አይቀር፣ ፋንሲፓን የሚባለው ተራራ የኢንዶቻይና ጣሪያ ነው የሚሉት፣ 3,143 ሜትር፣ በ2019 በፈረንጆቹ እንደገና ሲለካ 3,147 ሆኗል። እንጦጦ ጫፉ ጋ ማለት ነው እኮ! በ2016 በፈረንጆቹ የተከፈተ ኬብል ካር አለው፣ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ገመድ፣ ሸለቆውን በአየር ተሻግሮ ሩብ ሰዓት ውስጥ ያወጣል። ከላይኛው ጣቢያ ጫፉ ድረስ 600 ደረጃ አለ፣ ጉልበት ለሌለው ትንሽ ባቡር አለች። ሰማዩ ከጠራ እንወጣለን፣ ጉም ከሆነ እንተወዋለን፣ ለእሱ ብዬ ቀን አላቃጥልም።

ቀኖቹን የማጠፋው ታ ቫን ነው። ከከተማው ወደ 10 ኪሎ ሜትር የምትርቅ መንደር ናት፣ ሙኦንግ ሆአ ሸለቆ ውስጥ፣ መኪና ይገባል፣ የዛይ ሰዎች ቤታቸውን ለእንግዳ ያከራያሉ። ወጣቶች ከሳፓ በእግራቸው ነው የሚወርዱት፣ የሞንግ ሴቶች ይመሯቸዋል፣ እነዚህ ሴቶች እንግሊዝኛ የተማሩት ከቱሪስት ጋር እየሄዱ ነው፣ ይገርማል። እኔ አንድ ሴት በቀን ቀጥሬ፣ በዋጋዋ ሳልከራከር፣ አባዬ የፈለገው ቦይ ድረስ ቀስ እያልን እንድትወስደን ነው የምፈልገው። ልጆች ግን አምባር ይዘው ሲመጡ አልገዛም፣ ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ላሊበላ ሄጄ ከባድ እንደሆነ አይቻለሁ፣ ግን ልጅ በሸጠ ቁጥር ከትምህርት ቤት የመቅረቱ ነገር ነው የሚያሳስበኝ፣ ከእናትየዋ እገዛለሁ።

ቡና ይዘን እንሄዳለን። ቬትናም በቡና ምርት ከዓለም ሁለተኛ ናት፣ አብዛኛው ግን ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዓይነት ነው፣ ፊን በምትባል ትንሽ ማጥለያ አንጠባጥበው በጣፋጭ ወተት ይጠጡታል። አባዬ "የእነሱን እጠጣለሁ፣ ከዛ የእኛን አፈላላቸዋለሁ" ብሏል፣ ጀበናዋን በሹራብ ጠቅልሎ አስቀምጧታል ከአሁኑ።

ትናንት ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ስገባ የዕቃ ቤቱን ከፍቶ ያቺን ቀጭን ላስቲክ ቱቦ አውጥቶ እያጠበ ነው፣ የውሃ ልኳን፣ ሁለት እንጨት ላይ አስረው ኮንቱር፣ ከፍታው እኩል የሆነ መስመር፣ የሚያወጡባትን። "ይቺን ደግሞ ምን ልታደርጋት ነው?" አልኩት።

"ልወስዳት ነበር" አለ፣ "እነዚያ ሰዎች ያለዚህ እንዴት አድርገው ልኩን እንደጠበቁ ለማየት ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ገባኝ።"

"ምኑ?"

"ውሃው ራሱ ነዋ። ማሳው ውስጥ ውሃ ሲለቁ ከፍ ያለው አፈር ብቅ ይላል፣ ዝቅ ያለው ይጠልቃል፣ ከፍ ያለውን ወደ ዝቅታው ይስባሉ። ይቺ ምን ትሠራለች?" አለና ቱቦዋን ጠቅልሎ መልሶ ሰቀላት።

እኔ እዛ ቆሜ ነበር፣ ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም።

ነገ ለቪዛው ፎቶ ይነሳል፣ ከነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ባርኔጣውን ማውለቅ አለበት ብዬ ነግሬዋለሁ አልወደደውም። ስንመለስ ቦዮቹን ማን እንደሚጠርጋቸው፣ በየስንት ጊዜው፣ ውሃ ሲያጥር ተራ እንዴት እንደሚይዙ የጠየቀውን ሁሉ ይዤላችሁ እመጣለሁ፣ ደብተር ገዝቷል ለእሱ። በሉ ደህና ሁኑ።